ኀዘንን ጽፎ ስለ ማኖር

ሰው በሕይወቱ ያገኘውን መከራ፥ የተለየውን ወዳጅ፥ የቀበረውን ልጅ ወይም ወላጅ እያሰበ በብዕር ጽፎ ለልጅ ልጅ ማኖሩ ለክርስቲያን የተገባ ሥራ ነውን? ወይስ ኀዘን በጸሎትና በምጽዋት የሚፈጸም ነገር ስለ ሆነ ወደ ወረቀት መውጣቱ ውዳሴ ከንቱ ይሆናል? ይህን የሚጠይቀን ሰው ቀድሞ ጥቂት ነበር። ከ2016 ዓ. ም. ወዲህ ግን በአራዳና በፒያሳ ይኖሩ ከነበሩት ምእመናን፥ ይልቁንም ከሽማግሌዎቹና ከባልቴቶቹ ዘንድ ጥያቄው ደጋግሞ ስለ ደረሰን፥ በተቻለን መጠን ልንመልስ ወደድን።

ምክንያቱ ግልጥ ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ ተመርቆ ተከፈተ፤ ወዲያውም የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ ያረጁ ቤቶች ፈረሱ፥ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ስለ መንገዱ ማማርና ስለ ቤቶቹ ማርጀት የሚከራከሩ ሌሎች አሉ፤ የእኛ ነገር ስለ ትዝታ ነው። በዚያ ሰፈር አምስትና ስድስት ቤተ ሰብ በአንድ ግቢ ይኖር ነበርና፥ በጽሕፈት ያልተያዘው ሁሉ በጎረቤት ልብ ተይዞ ይቈይ ነበር። እገሌ በምን ቀን እንደ ሞተ፥ በየትኛው ደብር እንደ ተቀበረ፥ ሬሳውን ማን እንደ ገነዘ፥ የንስሐ አባቱ ማን እንደ ነበሩ ልጁ ቢረሳው የእድሩ ዳኛ ያውቀዋል፤ የእድሩ ዳኛ ቢሞት በሰንበቴ አብራ የምትቀመጠው ባልቴት ታውቀዋለች። አሁን ያ ጎረቤት ተበትኗል። አንዱ በገላን ጉራ፥ አንዱ በለሚ ኩራ፥ አንዱም ከልጁ ጋራ ባሕር ማዶ ነው። (ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ኢጣልያኖች ጥለውት የሄዱት ቃል ነው። አባቶቻችን የሚሉት አራዳ ነበር፤ ገበያውንም ከጊዮርጊስ ሥር አንሥተው ወደ አዲስ ከተማ የወሰዱት እነዚያው ናቸው። ይሁን እንጂ ዛሬ ሰፈሩን የሚናፍቀው ሰው ሁሉ በባዕዱ ስም ጠርቶ ይናፍቃል።)

አንዳንድ አባቶች ይህን ዓይነት ጽሕፈት አይወዱትም፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ገድልን ሌላው ይጽፍልሃል እንጂ አንተ ለራስህ አትጽፈውም ይላሉ። ብራናውን ፍቀው፥ ቀለሙን በጥብጠው፥ ወራት ሙሉ ጐንበስ ብለው አንድ ስንክሳር የሚጽፉት የጥንት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ አላኖሩም፤ ያኖሩትም ቢሆኑ በመጽሐፉ መጨረሻ ለጻፈው፥ ላጻፈውና ለሚያነበው ምሕረትን ከመለመን አላለፉም። እንዲህ ያለ ትሕትና ባለበት ቤት ያደገ ሰው፥ ከዳር እስከ ዳር «እኔ በልጅነቴ፥ እኔ በጐልማሳነቴ» የሚል መጽሐፍ ሲያይ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ደግሞም በየመደብሩ ከምናያቸው ግለ ታሪኮች መካከል፥ ጸሐፊው አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሳሳተባቸው፥ ሌላው ሰው ሁሉ ያጠፋባቸው አሉ። እነርሱን ማንበብ ያታክታል።

ነገር ግን የዚያው የብራና መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ምን እንደ ተጻፈበት እንመልከት። አሮጌ ዳዊት መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቅጠል ገልጦ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የልጅ መወለድ፥ የአባት መሞት፥ የርስት መከፈል በደቃቅ ጽሕፈት ተጽፎ ይገኛል። ይህን ያኖሩት ሰዎች ታሪክ ጸሐፊ ለመባል አልደከሙም። ዳዊት በየዕለቱ የሚነሣ መጽሐፍ ነውና፥ የሚደግመው ሰው ስሙን አይቶ የሟቹን ነፍስ እንዲያስብ ፈልገው ነው። እንግዲህ ኀዘንን ጽፎ ማኖር ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚለውን አንቀበለውም፤ በየቤታችን ከዳዊቱ ጋራ አብሮ ኖሯል።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ብንመለስ ነገሩ ይሰፋል። ጻድቁ ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን አጥቶ በአመድ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፥ ከተመኘው ነገር አንዱ የተናገረው ሁሉ ተጽፎ እንዲቀርለት ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም መፍረስ ያፈሰሰው እንባ መጽሐፍ ሆኖ፥ ይኸው ቤተ ክርስቲያናችን በሰሙነ ሕማማት ታነበዋለች። ዳዊትም ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ አልቅሶ ብቻ ዝም አላለም፤ ያን ልቅሶ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ፥ በመጽሐፍም ተጻፈ። በዚህ ላይ አንድ የሚደነቅ ነገር አለ። ሳኦል ዳዊትን ለመግደል ጦር የወረወረ፥ በየዋሻው ያሳደደው ንጉሥ ነበር፤ በልቅሶው ውስጥ ግን ስለዚያ አንድ ቃል አናገኝም። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፈሰሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሞት እንደሚያስነሣው እያወቀ ነው ያለቀሰው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ተአምራቱን ብቻ ጽፎ እንባውን ሊያልፈው ይችል ነበር፤ አላለፈውም። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን ያስተዋለ እንደሚያገኘው፥ የከለከለው ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን አይደለም።

ከሊቃውንትም ምስክር አይጠፋም። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ነባቢ መለኮት በወንድሙ በቄሣርዮስ፥ በእኅቱ በጎርጎንያ፥ በአባቱና በወዳጁ በባስልዮስ ሞት የተናገራቸው ድርሳናት ተጽፈው ቀርተዋል፤ በሽምግልናውም የራሱን ሕይወት በረዥም ግጥም ጻፈ። የኑሲሱ ጎርጎርዮስም የእኅቱን የማቅሪናን ሕይወትና ዕረፍት ሲጽፍ በሞት አልጋዋ አጠገብ ሆኖ ያየውን አልደበቀም። በምዕራቡ አገር ደግሞ አውግስጢኖስ እናቱ ሞኒካ በሞተች ጊዜ እንባውን ለመግታት እንደ ታገለ፥ በኋላም ለብቻው ሆኖ እንዳለቀሰ በኑዛዜው መጽሐፍ ነግሮናል። እነዚህ ሁሉ ስለ ራሳቸው ጻፉ፤ ነገር ግን መጽሐፋቸውን የዘጋ ሰው ባስልዮስን፥ ማቅሪናን፥ ሞኒካን ያውቃል። የእኛም መመዘኛ ይኸው ሊሆን ይገባዋል። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ በልቡ የሚቀረው ሟቹ ነው፥ ወይስ የጸሐፊው እንባ ብቻ?

በአገራችን ይህን መንገድ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ሰዎች አስቀድመው ሄደውበታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ. ም. የልቅሶ ዜማ ግጥም፥ ምሥጢሩም ከመጻሕፍት ጋራ የተስማማ፥ ብለው ማሳተማቸው ይታወቃል። ስሙ ራሱ አሳባቸውን ይነግረናል፤ ሕዝቡ እንደሚያለቅስ አይቀርም፥ እንግዲያስ ልቅሶው ከእምነቱ ጋራ ይስማማ ማለታቸው ነው። በ1915 ዓ. ም. ደግሞ «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ብለው አወጡት። እርሳቸው ራሳቸው በ1931 ዓ. ም. በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

የአለቃ ለማ ኃይሉን «መጽሐፈ ትዝታ» ያላነበበ ካህን ቢኖር ፈልጎ ያንብብ እንላለን። በ1959 ዓ. ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት የተቀበሉት ነው። አባት ይናገራል፥ ልጅ ይጽፋል፤ ባሮክ ከኤርምያስ አፍ እየተቀበለ እንደ ጻፈ ማለት ነው። አንድ የቅኔና የመጻሕፍት መምህር በቆሎ ተማሪነት የዞረበት አገር፥ የራበው ቀን፥ የሞቱበት መምህራን፥ የሳቀበት ቀልድ ሁሉ እንደ አነጋገሩ ቀርቶልናል። ያ ትውልድ ሳይጻፍ ስንቱ እንደ ሄደ ስናስብ፥ ልጅ ያልጠየቃቸው ስንት አለቆች ይኖሩ ይሆን ያሰኛል።

ከሁሉም የሚገርመን ግን የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ነው። የግእዝ ትርጓሜውን ለሚያውቅ፥ መርስዔ ኀዘን ማለት ኀዘንን የሚያስረሳ ማለት ነው። እኒህ ስማቸው ማስረሳት የሆነ ሰው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እንዳይረሳ በመጻፍ ነው። ከ1896 እስከ 1922 ዓ. ም. ያለውን ዘመን የጻፉበት መጽሐፍ ከዕረፍታቸው በኋላ በዘመናችን ታትሟል፤ አርእስቱም «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ቃል አለበት። የልዑል ራስ እምሩ መጽሐፍ ደግሞ «ካየሁትና ከማስታውሰው» ይላል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልዩነት እንደ ቀላል አትየው። ያየ ያየውን፥ የሰማ የሰማውን፥ ያስታወሰ ያስታወሰውን ለይቶ መናገሩ በዳኝነት የምስክርነት ሕግ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ከዐይን ምስክሮች ተቀብሎ መርምሮ እንደ ጻፈ በመቅድሙ አስታውቋል።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በአደባባይ ተገደሉ፤ በአደባባይ ስለ ሆነም ምስክር አላጡም። ሐውልታቸው በ2005 ዓ. ም. ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ. ም. ተመልሶ ቆሟል። ከእርሳቸው ሰማዕትነት ሰባት ወር ሳይሞላ፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ የአዲስ አበባ ሕዝብ በየደጁ ሲታረድ፥ ቤቱም ሲቃጠል፥ የአራዳ ጊዮርጊስም እሳት ተለቀቀበት። በስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሞላቸዋል፥ በየዓመቱም ይታሰባሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚታሰቡት በአንድነት ነው እንጂ በስማቸው አይደለም። የዚያን ቀን መከራ ካዩት አንዱ የሆኑት ተመስገን ገብሬ ጽፈውት የነበረው «ሕይወቴ» የተባለ ግለ ታሪክ ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ በ2001 ዓ. ም. ታትሞ ስናነበው፥ በቁጥር ብቻ የምናውቀው እልቂት ፊትና ድምፅ ያለው ሰው ሆኖ ታየን። እንደ እርሳቸው የጻፈ ከመቶ ቤት አንድ እንኳ ቢገኝ ኖሮ ስንት ስም ይተርፍልን ነበር!

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ማስተዋል ያስፈልጋል። ካህኑ በፍትሐትና በቅዳሴ የሚጠራው የክርስትና ስምን ነው። ወልደ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም ብሎ ሲጠራ ሟቹ ባለጠጋ ይሁን ድኃ፥ ደግ ይሁን ቁጡ አይናገርም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋልና። ይህ ከፍ ያለ ጥበብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ስም፥ በአንድ ዓይነት ጸሎት ይሸኛል። ነገር ግን ካህኑ የማይናገረው ነገር፥ ማለት የሟቹ ሳቅ፥ ሙያው፥ ለእናቱ የገዛው ነጠላ፥ የዘፈነው፥ የጾመው፥ የተጣላው ሁሉ ለቤተ ሰቡ የተተወ ሸክም ነው። ተዝካሩን ቤተ ክርስቲያን ትይዛለች፤ ትዝታውን ቤተ ሰብ ይያዝ ማለት ነው። ለተዝካሩም ቢሆን ቀን ያስፈልገዋል። ሠልስቱና ሰባቱ፥ ዐሥራ ሁለቱና ሠላሳው፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁና ዓመቱ ሁሉ የሚቈጠረው ከሞተበት ዕለት ነው። የሞተበት ዕለት ካልታወቀ ምን ይቈጠራል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብን በ1969 እና በ1970 ዓ. ም. የሆነው ቀይ ሽብር ነው። በዚያን ጊዜ ወላጅ ልጁ በመንገድ ወድቆ ሲያይ ማልቀስ ተከለከለ፤ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ድንኳን አልተተከለም፥ ጥቁር አልተለበሰም። ብዙዎቹም ከታሰሩበት ሌሊት ወጥተው ስለ ቀሩ ቀናቸው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሌላው ይቅርና የቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ. ም. በስውር ተገድለው፥ ዐፅማቸው ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው በ1984 ዓ. ም. ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ፓትርያርኳ የተቀበሩበትን ያላወቀች ቤተ ክርስቲያን፥ ልጇ የወደቀበትን ስፍራ ያላወቀችን እናት ልብ ልትረዳ ይገባታል።

ከእነዚህ እናቶች አንዲቱ፥ አሁን ቆብ የደፉ እማሆይ፥ ከቤታቸው ከመነሣታቸው በፊት አንድ የተማሪ ደብተር ይዘው ወደ እኛ መጥተው ነበር። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አንናገርም፤ ነገሩን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድንጽፈው ግን ፈቅደውልናል፥ ደግሞም የነገሩን በንስሐ አይደለም። ልጃቸው በ1970 ዓ. ም. ሌሊት ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እርሳቸው በዚያን ጊዜ ፊደል አያውቁም ነበር። በ1971 ዓ. ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከቀበሌው ተገደው ገቡ፤ ልጃቸውን የወሰደባቸው መንግሥት ፊደል አስቈጠራቸው። ፊደሉን በለዩ ጊዜ የመጀመሪያ የጻፉት የልጃቸውን ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ትዝ ባላቸው ቁጥር ሌሊት በኩራዝ እየጻፉ ደብተሩን ከመሶብ ሥር ይደብቁት ነበር።

«አባቴ፥ ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ይህን ላቃጥለው ወይስ አብሮኝ ይቀበር?» አሉን።

እኛም ተቀብለን አነበብነው። ጽሕፈቱ የተጣመመ፥ ፊደሉ የተዘበራረቀ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች ከጻፉት ግን ይልቅብናል። ልጁ ማታ ሲገባ እናቱን እንዳይቀሰቅስ ጫማውን በደጅ አውልቆ በእጁ ይዞ እንደሚገባ፥ ዓሣ እንደማይወድ፥ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾም፥ በኋላ ግን «አልጾምም» ብሎ እንደ ተጣሉና እርሱ እስኪወሰድ ድረስ ሳይታረቁበት እንደ ቀሩ ሁሉ ተጽፏል። የደብተሩ ግማሽ ግን እርግማን ነው። አንድ ጎረቤት ጠቍሞ እንዳስያዘባቸው ያምናሉ፤ ስሙ ከነአባቱ በየገጹ ይገኛል።

«እማሆይ፥ ይህን ሰው ሲጠቍም አይተዋልን?» አልናቸው።

«አላየሁም፤ ሰው ነው የነገረኝ። የነገረችኝም ሞታለች።»

እንዳያቃጥሉት ነገርናቸው። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን መጽሐፍ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜ፥ ባሮክ እንደ ገና እንደ ጻፈውና ሌላም ብዙ እንደ ተጨመረበት አነበብንላቸው። ስለ ጎረቤቱ ግን የዳዊትን ልቅሶ አነሣንላቸው። ዳዊት የሳኦልን ጦር በዐይኑ ያየ ነበር፤ በልቅሶው ውስጥ አላገባውም። እርሳቸው ያላዩትን ነገር ለልጅ ልጅ ቢያወርሱት፥ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ አንድ ቀን ሲያነበው ምን ይሆናል? መልስ ሳይሰጡን ደብተሩን አጣፍተው ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዘውት ተመለሱ። ስሙን በሙሉ፥ ባለበት ገጽ ሁሉ፥ በጥቁር ቀለም ደፍነውታል። ሲደፍኑ ሳለ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ነገሩን። ልጃቸው በተወሰደ በሦስተኛው ቀን፥ ሰው ሁሉ ፈርቶ በደጃቸው ባላለፈበት ጊዜ፥ የዚያ ሰው ሚስት በጓሮ በኩል ትኵስ ዳቦ ሰጥታቸው ነበር። ይህን አርባ ስድስት ዓመት አላሰቡትም ነበር። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ጽፈውታል።

ከዚህ ተነሥተን ስለ አጻጻፉ የምናስበውን እንናገር። ስለ ሌላ ሰው በደል የሚጽፍ ሁሉ ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ወደ ኋላ እየሄዱ እንደ ሸፈኑ ያስብ። ይህ ማለት የንጹሕ ደም ሲፈስ የታየውን መሸፈን አይደለም፤ የአቤል ደም ጮኋልና ያየ ሰው ይመስክር፥ ዳኛም ይጠይቀው። ያልታየውንና የተጠረጠረውን ነው የምንለው። የራስን ጥፋት መናገር ግን ሌላ ነው። ጴጥሮስ ጌታውን እንደ ካደ በወንጌለ ማርቆስ ተጽፎ እናገኛለን፤ ማርቆስም የጻፈው ጴጥሮስ የሰበከውን እንደ ሆነ አበው ተናግረዋል። እንግዲያስ ያን ሌሊት ለዓለም የነገረው ራሱ ባለቤቱ ነው ማለት ነው። እማሆይም ከልጃቸው ጋራ በጾም ተጣልተው ሳይታረቁ መለያየታቸውን መጻፋቸው ከዚህ ወገን ነው፤ ያንን ገጽ እንዲያወጡት አልነገርናቸውም።

ካህናት ወንድሞቻችንን ግን በዚህ ነገር እጅግ እናስጠነቅቃለን። ከእኛ መካከል ትዝታውን የሚጽፍ ቢኖር በንስሐ የሰማውን ስም ለውጦ እንኳ፥ ዘመን አሳልፎ እንኳ አይጻፍ። እንደ አራዳ ባለ ሰፈር «አንድ ልብስ ሰፊ ነበር» ከተባለ ሁሉም ማን እንደ ሆነ ያውቃል።

ጸሐፊው የተጠራጠረበት ነገር ሲያጋጥመው ምን ያድርግ? መምህሮቻችን መልሱን አስቀድመው ሰጥተውናል፤ «አንድም» ይበል። አባቴ በሚያዝያ ሞተ፥ አንድም በግንቦት መጀመሪያ ነው ቢል የሚነቅፈው የለም። የሚነቀፈው ያላወቀውን እንደ ታወቀ አድርጎ የሚያሳምረው ነው። ስለ ጊዜውም ብንጠየቅ፥ ኀዘንተኛ ከቀብር ተመልሶ ወዲያው ብዕር እንዲያነሣ አንመክርም። እስከ አርባው ያለው ቀን የፍትሐትና የእንባ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀኑንና ስሙን ብቻ ያስፍር፥ የቀረውን ግን ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ይጻፍ። ሲራክ ለሞተ ሰው እንድናለቅስ ካዘዘ በኋላ መጽናናትንም አዝዟል፤ ዳዊትም ሕፃኑ በሞተበት ጊዜ ታጥቦ፥ ልብሱን ለውጦ፥ አስቀድሞ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገባ። እየጻፈ ኀዘኑ የሚብስበት፥ ከሰው የሚለየው፥ ከቅዳሴ የሚያስቀረው ሰው ቢኖር ለጊዜው ብዕሩን ያኑር፥ ከንስሐ አባቱም ጋራ ይምከር።

ፎቶግራፍ ያለው ሰው በጀርባው ስም ይጻፍበት። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሰባ ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ሥዕል አሁን ከቤቱ ጋራ ሲወርድ፥ «ይህች ሙሽራ ማን ናት?» ተብሎ የሚያውቅ እየጠፋ ነው።

መጻፍ የማይችሉትን በተመለከተ፥ ሸክሙ በእኛ በካህናትና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ላይ ነው። ከሰፈሩ የተነሡት ሽማግሌዎች አንድ ቀን አለመተዋቸውን አይተናል። በየወሩ በ23 ቀን፥ ይልቁንም በሚያዝያ 23፥ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየለወጡ ወደ ጊዮርጊስ ይመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው መጀመሪያ የሚጠያየቁት ካለፈው ወር ወዲህ ማን እንዳረፈ ነው። ያን ጊዜ አንድ ወጣት ደብተር ይዞ በአጠገባቸው ቢቀመጥ ብዙ ነገር ያገኛል። አያጣድፋቸው፥ ቃላቸውንም አያስተካክል፤ ሟቹ ማን እንደ ነበረ ከመጠየቁም በፊት የክርስትና ስሙንና ያረፈበትን ቀን ይጻፍ።